አብራሪው የሞላው ቁጥር

  የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ አውሮፕላን ነው። ሞተሩንና ክንፉን ለሌላ ቀን እናቆየውና፣ ዛሬ አብራሪዎች በበረራ ላይ ሳሉ መሣሪያዎቻቸው ላይ ስለሚሞሏቸው ቁጥሮች እንነጋገር። ቁጥሩ ሲሳሳት ምን ይሆናል? ስሕተቱንስ ማን ያየዋል? የምጠቅሳቸው ቀናት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

(አጭር ሙዚቃ)

ነገሩን ከደጃችን እንጀምረው። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች አሉ። በምዕራብ በኩል ደግሞ ሜዳው ያበቃና መሬቱ ሽቅብ ተነሥቶ ወደ ላስታ ደጋ ይወጣል። በካርታ ላይ ከቆቦ ተነሥተን ቀጥታ ወደ ምዕራብ መስመር ብናሰምር፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ እንደርሳለን። ጫፉ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። አብራሪዎች ከፍታን የሚለኩት በጫማ ስለሆነ በእነሱ ቋንቋ ልንገራችሁ፤ ቆቦ ወደ 4,900 ጫማ፣ አቡነ ዮሴፍ ደግሞ ወደ 14,000 ጫማ ይጠጋል። በመካከላቸው ከ9,000 ጫማ በላይ ልዩነት አለ።

ይህን ዳገት በእግሩ የወጣ ሰው ጉልበቱ ይነግረዋል። በሰዓት 460 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን ግን ከቆቦ አናት እስከ አቡነ ዮሴፍ ያለው መንገድ ሰባት ደቂቃ አይሞላም። ለአውሮፕላን ደግሞ ይህ የዝግታ ፍጥነት ነው። ከመቀሌ አዲስ አበባ የሚደረገው በረራ መስመሩ የሚያልፈው ከእኛ በስተምዕራብ ባለው በዚያው ሰንሰለት ላይ ነው። በተራራማ አገር ደመና ውስጥ የሚበር አውሮፕላን፣ ሲነሣና ሲያርፍ ካልሆነ በቀር፣ በአካባቢው ካለው ከፍተኛ ጫፍ ቢያንስ 2,000 ጫማ በላይ መሆን አለበት የሚል ደንብ አለ። ስለዚህ በአቡነ ዮሴፍ ዙሪያ ከ16,000 ጫማ በታች መውረድ የለም። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ሰንሰለቱን ሲያለብሰው አብራሪው ተራራውን በዓይኑ አያየውም። የሚያየው ፊቱ ያለውን መሣሪያ ብቻ ነው።

ይህ መሣሪያ አልቲሜትር ይባላል፤ ከፍታ መለኪያ ማለት ነው። ብዙ ሰው ወደ መሬት ጨረር እየላከ የሚለካ ይመስለዋል። እንዲያ ያለ መሣሪያም አለ፤ እሱ ግን የሚያገለግለው መሬት ሲቀርብ ብቻ ነው። ዋናው አልቲሜትር የሚለካው የአየርን ግፊት ነው። በድሮው ዓይነት ውስጥ አየሩ ወጥቶ የታሸገች ስስ የብረት ቆርቆሮ አለች። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ የውጩ ግፊት ይቀንስና ቆርቆሮዋ ትነፋለች፤ ወደ ታች ስንወርድ ትጨመቃለች። ያ መንፋትና መጨመቅ በጥቃቅን ጥርሶች አልፎ መርፌውን ያዞረዋል። በዛሬዎቹ አውሮፕላኖች ሥራውን ኮምፒውተር ተረክቦታል፤ ቁጥሩም በስክሪን ላይ ይወጣል፤ መሠረቱ ግን ያው ግፊት ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ይመጣል። የአየር ግፊት ከፍታ ሳይለወጥም ይለወጣል። ዝናብ ሊመጣ ሲል ሊወርድ፣ ሰማዩ ሲጠራ ሊወጣ ይችላል፤ ከአገር አገርም ይለያያል። መሣሪያው ግን «ግፊቱ የቀነሰው ከፍ ስላልን ነው ወይስ የአየሩ ጠባይ ስለተለወጠ?» ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ አብራሪው ሊነግረው ይገባል። በአልቲሜትሩ ፊት ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት አለች፤ ከሥሯ በጣት የምትዞር ቁልፍ አለች። አብራሪው ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው የዕለቱን የግፊት ቁጥር ይቀበልና ቁልፏን እያዞረ በመስኮቷ ውስጥ ያስገባዋል። መለኪያው ሄክቶፓስካል ይባላል፤ በዓለም አቀፍ ስምምነት የባሕር ወለል መደበኛ ግፊት 1013 ነው።

በእህል ገበያ ላይ ባዶው ሚዛን ዜሮ ላይ መቆሙን ሳያይ ማሽላውን የሚያስመዝን ገበሬ አለ? ሚዛኑ ደኅና ነው፤ የመዘነውም ደኅና ሰው ነው፤ መነሻው ከተዛባ ግን እስከ መጨረሻው ኩንታል ድረስ ሁሉም ስሕተት ነው። አልቲሜትርም እንዲሁ ነው። በመስኮቷ ውስጥ የገባው ቁጥር ከእውነተኛው ግፊት በአንድ ቢበልጥ መርፌው ወደ 28 ጫማ ያህል አብልጦ ያሳያል። በአሥር ቢበልጥ 280 ጫማ፣ ማለትም 85 ሜትር ያህል ይዋሻል። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ቀይ መብራት አይበራም፤ ደወል አይደወልም። አብራሪው ከፍ ብያለሁ ብሎ እያመነ አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ይበራል።

ለዚህ ነው ከመነሣት በፊት አብራሪዎች አንድ ቀላል ፍተሻ የሚያደርጉት። አውሮፕላኑ ገና መሬት ላይ ሳለ አልቲሜትሩ የኤርፖርቱን ከፍታ ማሳየት አለበት። ቦሌ ላይ ከሆኑ 7,600 ጫማ አካባቢ፣ ላሊበላ ላይ ከሆኑ 6,500 ጫማ አካባቢ። የካፒቴኑም የረዳቱም መሣሪያ አንድ ዓይነት ካላሳዩ ቁልፏን ያዞረው እጅ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። መሬት ላይ ሆኖ ስሕተትን ማግኘት ቀላል ነው። አስቸጋሪው አየር ላይ፣ ለማረፍ ሲወረድ ነው፤ ምክንያቱም ያኔ ማመሳከሪያ የሚሆን መሬት ከእግር በታች የለም።

(አጭር ሙዚቃ)

ግንቦት 15 ቀን 2014 አንድ ኤርባስ ኤ320 አውሮፕላን ከስቶክሆልም ተነሥቶ ፓሪስ ቻርል ደጎል ኤርፖርት ለማረፍ እየወረደ ነበር። ኤርሃብ የተባለ ኩባንያ ነበር የሚያበረው። ዝናብ አለ። በሬዲዮ ሞገድ ወደ ማኮብኮቢያው የሚመራው የመሬት መሣሪያ ለጥገና ተዘግቷል፤ ስለዚህ አብራሪዎቹ የሚወርዱት አልቲሜትራቸውን አምነው ነው። የዕለቱ ግፊት 1001 ነበር። ተቆጣጣሪው ግን ለአብራሪዎቹ 1011 ብሎ ነገራቸው። አብራሪዎቹም እንደ ደንቡ የሰሙትን መልሰው አነበቡ፤ «1011» አሉ። ተቆጣጣሪው የራሱን ስሕተት በእነሱ አንደበት ሰማና ልክ ነው ብሎ አለፈ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ሰምቶ መልሶ ማንበብ በአቪዬሽን ውስጥ ስሕተትን ከሚይዙ ወንፊቶች ሁሉ የተመሰገነው ነው። ነገር ግን የሚይዘው የሰሚውን ስሕተት እንጂ የተናጋሪውን አይደለም። ትክክለኛው ቁጥር ኤርፖርቱ ለሁሉም በሚያሰማው የአየር ጠባይ መልእክት ላይ ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ግን በዚያች ሰዓት አልተገኘም።

አውሮፕላኑ ከሚገባው 280 ጫማ ያህል ዝቅ ብሎ ወደ መሬት ተንደረደረ። በጋቢናው ውስጥ ሁሉም መሣሪያ ደኅና ነው ይላል። መሬት ሲቀርብ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያም ዝም አለ። የመጮኽ ተራው በተቆጣጣሪው ስክሪን ላይ ላለው ደወል ደረሰና ተቆጣጣሪው ለአብራሪዎቹ ነገራቸው። አብራሪዎቹ ደግሞ በመሣሪያቸው ላይ ማረፍ ወይም መተው ወደሚወሰንበት ከፍታ ደርሰው ማኮብኮቢያው ስላልታያቸው፣ በደንቡ መሠረት ማረፉን ትተው ወደ ላይ ወጡ። ሽቅብ ከመነሣታቸው በፊት አውሮፕላኑ የደረሰበት ዝቅተኛ ከፍታ 6 ጫማ ነበር። ሁለት ሜትር አይሞላም። ማኮብኮቢያው ገና ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል።

ይበልጥ የሚያስገርመው ቀጣዩ ነው። ዞረው መጥተው ለሁለተኛ ጊዜ ሲሞክሩም መስኮቷ ውስጥ ያለው ቁጥር ያው 1011 ነበር። ይህን ያህል ከሞት አፋፍ ተመልሰው እንኳ ያንን አንድ ቁጥር የጠረጠረ አልነበረም። በሁለተኛው ሙከራ ማኮብኮቢያውን በዓይናቸው ስላዩት አስተካክለው በሰላም አረፉ። ፓሪስ ሜዳ ናት፤ ሜዳነቷ ረድቷቸዋል። 85 ሜትር በፓሪስ ሜዳና 85 ሜትር በላስታ ገደል አንድ አይደሉም።

ለእኛ አገር አብራሪዎች አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። አውሮፕላኖች ከፍ ካሉ በኋላ ሁሉም 1013ን ይሞላሉ፤ ከተሳሳቱም በአንድነት ስለሚሳሳቱ እርስ በርስ አይጋጩም። ሊያርፉ ሲወርዱ ደግሞ ወደ ኤርፖርቱ ቁጥር መመለስ አለባቸው። የተለመደው ስሕተት ይህን መመለስ መርሳት ነው። አዲስ አበባ ላይ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ1013 ከፍ ይላል። ስለዚህ እዚያ የረሳ አብራሪ ካሰበው በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል እንጂ ዝቅ ብሎ አይደለም። በጣም ከፍ ብሎ መምጣትም የራሱ ጣጣ አለው፤ ለማረፍ ያጣደፋል፤ ከሌላ አውሮፕላን ጋር መጠበቅ ያለበትን ርቀትም ያበላሻል።

የሚሞላው ቁጥር የግፊት ብቻ አይደለም። ጥር 11 ቀን 1984፣ እኛ ጥምቀትን ስናከብር በዋልንበት ዕለት፣ በፈረንሳይ አንድ ኤርባስ ኤ320 ከሊዮን ወደ ስትራስቡርግ እየበረረ ሳለ ሳንት ኦዲል ከተባለ ተራራ ጋር ተላተመ። ከ96 ሰው 87ቱ ሞተ። መርማሪዎቹ ያዘነበሉበት መላምት ይህን ይመስላል፦ አብራሪዎቹ በ3.3 ዲግሪ ዝቅዝቅታ ለመውረድ አስበው በአንዲት መስኮት ላይ 33ን ሞሉ። መሣሪያው ግን በሌላ ሥርዓት ላይ ተቀምጦ ስለነበር 33 ማለት ለእሱ በደቂቃ 3,300 ጫማ መውረድ ነበር። አንድ መስኮት፣ አንድ ቁጥር፣ ሁለት ትርጉም። ከዚያ ወዲህ የቁልቁለቱ ፍጥነት በአራት አሃዝ እንዲጻፍ ተደረገ። ለዚያች ለውጥ የተከፈለው ዋጋ ያንገበግባል።

መጋቢት 11 ቀን 2001 ደግሞ አንድ የኤሚሬትስ ኤርባስ ኤ340 ከሜልበርን ሲነሣ ጭራው ማኮብኮቢያውን እየጠረገ፣ አስፋልቱ አልቆበት ነው ለጥቂት የተነሣው። ክብደቱ 362.9 ቶን መሆን ሲገባው በላፕቶፑ ላይ የተሞላው 262.9 ነበር። አንዲት አሃዝ መቶ ቶን ዋጠች። ሰው አልሞተም። በቦሌ ዓይነት ከፍታ ላይ፣ አየሩ ስስ በሆነበት ቦታ፣ አውሮፕላን ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያና የበለጠ ፍጥነት ስለሚፈልግ፣ እንዲህ ያለው ስሕተት እዚያ ቢፈጸም ይቅር የሚል አይመስለኝም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ አገራችን አየር መንገድ እንምጣ። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ሲበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737፣ የበረራ ቁጥር 343፣ መውረድ በሚገባው ቦታ ሳይወርድ ቀረ። ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ቢጠሩትም መልስ የለም። 37,000 ጫማ ላይ እንዳለ በቦሌ ማኮብኮቢያ አናት አለፈ። ሁለቱም አብራሪዎች እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበር በወቅቱ በሰፊው ተዘግቧል። አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው ኦቶፓይለት ሲላቀቅ የሚያሰማው ደወል ቀሰቀሳቸው፤ ዞረውም ከ25 ደቂቃ ያህል በኋላ በሰላም አረፉ። አየር መንገዱ ምርመራ እስኪደረግ ድረስ አብራሪዎቹን ከበረራ ማንሣቱን አስታወቀ።

ብዙ ሰው «አውሮፕላኑ ራሱን የሚያበር ከሆነ ለምን ራሱ አልወረደም?» ብሎ ጠይቋል። መልሱ የዛሬው ርእሳችን ነው። ኮምፒውተሩ የሚወርድበትን ቦታ ያውቃል። ነገር ግን በአብራሪዎቹ ፊት ካለው ሰሌዳ ላይ አንድ የከፍታ ቁጥር አለ፤ ሰው በእጁ ወደ ታችኛው ከፍታ ካላዞረው አውሮፕላኑ ከዚያ ቁጥር በታች አይወርድም። ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ከተቆጣጣሪ ፈቃድ ሳይገኝ አውሮፕላን በራሱ ሥልጣን ተራራ ላይ እንዳይወርድ። ያን ዕለት የተሳሳተ ቁጥር የሞላ የለም። የሞላም የለም።

የሚቀጥለው ታሪክ ግን ከባድ ነው። ጥር 17 ቀን 2002፣ በቤይሩት ሰዓት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ36 ላይ፣ የበረራ ቁጥር 409 የሆነ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737-800 ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። 82 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች ነበሩበት። ከባሕሩ በላይ ነጎድጓድ ነበር። ከአምስት ደቂቃ ያህል በኋላ አውሮፕላኑ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ አንድም ሰው አልተረፈም።

የሊባኖስ መርማሪዎች በጥር 2004 ያወጡት የመጨረሻ ሪፖርት ዋና ምክንያት ያለው አብራሪዎቹ ፍጥነትን፣ ከፍታን፣ አቅጣጫንና የአውሮፕላኑን አቋም በሚገባ አለመምራታቸውን ነው። ከአባባሽ ምክንያቶቹ አንዱ ትሪም የሚባለው ነገር ነው። በአብራሪዎቹ መካከል አንድ ጎማ መሰል መሽከርከሪያ አለ። በእሱ የጭራው አግድም ክንፍ ይስተካከላል፤ በትክክል ከተስተካከለ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ባለበት ይዞ ይሄዳል፤ የአብራሪው ክንድ ያርፋል። ካልተስተካከለ አብራሪው መሪውን ሳያቋርጥ መግፋት ወይም መሳብ አለበት። እንደ ሪፖርቱ፣ አውሮፕላኑ አብዛኛውን በረራ የበረረው ትሪሙ ሳይስተካከል ነው። ጨለማ፣ ደመና፣ ነጎድጓድ፣ ከተቆጣጣሪው የሚደርስ የአቅጣጫ ትእዛዝ፣ በዚያ ላይ ክንድን የሚታገል መሪ። ክንፉ ከመጠን በላይ ማዘንበሉን የሚናገረው ድምፅ ደጋግሞ ተሰማ፤ ሊወድቁ መሆኑን የሚያስጠነቅቀው መንቀጥቀጥም መሪውን አራገፈው።

ሪፖርቱ ድካምንም ጠቅሷል፤ ካፒቴኑ በ51 ቀናት ውስጥ 188 ሰዓት በርሮ ነበር፤ ለዚያ የአውሮፕላን ዓይነትም አዲስ ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ቀልቤን ይወስደዋል። መርማሪዎቹ በዋናው ምክንያት ውስጥ፣ ከመሪው አያያዝ ጎን ለጎን፣ በጋቢናው ውስጥ መደጋገፍ አለመኖሩንና ከመስመር መውጣቱ ጮክ ተብሎ አለመነገሩን ጻፉ። ረዳት አብራሪው ሲያይ ጣልቃ አልገባም ነው ነገሩ።

የኢትዮጵያ ወገን ሪፖርቱን አልተቀበለውም። አውሮፕላኑ አየር ላይ የፈነዳ ነው፤ ምርመራው ለዚህ ማስረጃ ቦታ አልሰጠም ብሎ ተከራክሯል። ሁለቱም ወገን በያዘው ጸንቷል። እኔ የማስተምርበት ነገር ግን ከክርክሩ ነፃ ነው፤ ምክንያቱም ያ በጋቢና ውስጥ ያለ ዝምታ በብዙ አገሮች አደጋዎች ውስጥ ተመዝግቧል።

በእኛ አገር ታናሽ ታላቁን በሰው ፊት አያርምም። ካፒቴኑ አሥር ወይም ሃያ ዓመት የሚበልጠው፣ ምናልባትም ያስተማረው ሰው ነው። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምናልባት ተሳስቼ ካልሆነ፣ ቁጥሩን ያዩት ይመስለኛል» ብሎ መጀመር ለታናሹ የአስተዳደግ ምልክት ነው፤ ለአውሮፕላኑ ግን ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ከቀረው ጊዜ ሊረዝም ይችላል። ለዚህ ነው አየር መንገዶች የመጥሪያ ቃላትን አሳጥረው የደነገጉት። ረዳት አብራሪው ፍጥነት ከወረደ «ፍጥነት» ይላል፤ ከፍታ ከተዛባ «ከፍታ» ይላል። ይቅርታ የለበትም፣ አንቱታ የለበትም፣ ማብራሪያ የለበትም። ካፒቴኑም በተሰጠው ቃል መመለስ ይገደዳል። ሰውየውን መድፈር ሳይሆን ሥራውን መሥራት እንዲሆንለት ቃሉን ቀድሞ ሕጉ ሰጥቶታል።

ቁጥር አሞላሉም እንዲሁ በሁለት ሰው ነው። አንዱ አዲሱን ከፍታ በሰሌዳው ላይ ያዞራል፤ ጣቱን ከቁልፏ ሳያነሣ ቁጥሩን ይናገራል። ሌላው በራሱ ዓይን አይቶ፣ በጣቱ ጠቁሞ፣ ያንኑ ቁጥር ይደግማል። የሰማውን ሳይሆን ያነበበውን ነው መድገም ያለበት። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሰማውን የሚደግም ሰው ከላይ እንዳየነው የፓሪስ ተቆጣጣሪና አብራሪዎች ይሆናል፤ አንድን ስሕተት ሦስት ሰው ሆኖ መድገም።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህን ስናገር «ታዲያ ረዳቱ ከተናገረ ሁሉ ነገር ደኅና ነው ማለት ነው?» የሚል አድማጭ ይኖራል። አይደለም። እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ከቦሌ የተነሣውን በረራ 302 ሁላችንም እናስታውሳለን። ከስድስት ደቂቃ በኋላ ወደ ቢሾፍቱ በኩል ወድቆ 157 ሰው አለቀ። ረዳት አብራሪው 25 ዓመቱ ሲሆን በሕይወቱ የበረረው 361 ሰዓት ብቻ ነበር። አውሮፕላኑ አፍንጫውን በራሱ ወደ መሬት ሲደፋ ግን፣ የጭራውን አግድም ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን ሞተር የሚያቋርጠውን ማብሪያ ማጥፊያ እንዲዘጉ ለካፒቴኑ ሁለት ጊዜ የጮኸው እሱ ነው። ካፒቴኑም ተስማማ። ያ ወጣት የሚጠበቅበትን ተናግሯል።

እዚያ የዋሸው ሰው የሞላው ቁጥር አልነበረም። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከአየሩ ጋር የሚፈጥረውን ማዕዘን የሚለካው የግራ በኩል መሣሪያ 74.5 ዲግሪ አሳየ፤ የቀኙ በዚያው ቅጽበት 15.3 ነበር። ኤምካስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ያመነው የተሳሳተውን አንዱን ብቻ ነው፤ ከሌላው ጋር ለማመሳከር አልተሠራም። አምስት ወር ሳይሞላ በፊት በኢንዶኔዥያ ላየን ኤር 189 ሰው የጨረሰውም ይኸው ነበር። ቦይንግ በኋላ ለበረራ 302 አደጋ ተጠያቂነቱን ተቀብሏል። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የኢትዮጵያው የመጨረሻ ሪፖርት በ2015 ሲወጣ፣ የአብራሪዎቹ አያያዝ በበቂ አልተመረመረም የሚል አስተያየት ሰጥተዋል፤ ለምሳሌ የሞተሩ ኃይል ከመነሣት ጀምሮ ከፍ ብሎ መቆየቱን ያነሣሉ። ይህም መባል አለበት። ቢሆንም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከውጭ አገር የተሰማውን የ«አብራሪዎቹ ናቸው» ጥድፊያ ለማረም ብዙ ወራት ፈጅቷል።

ሁለቱን በረራዎች ጎን ለጎን ሳያቸው፣ 302 ላይ ሰዎቹ እርስ በርስ ተመሳክረው ማሽኑ ግን የሚያመሳክረው አጣ። 409 ላይ፣ ሪፖርቱን ካመንን፣ ማሽኑ እየጮኸ ሰዎቹ አልተመሳከሩም።

  

ዛሬ ምን ተለውጧል? ብዙ አዳዲስ አውሮፕላኖች አብራሪው በመስኮቷ ውስጥ የሞላውን የግፊት ቁጥር ለመሬት ራዳር ይልካሉ። ራዳሩ ይህን ማንበብ የሚችል ከሆነ ተቆጣጣሪው በስክሪኑ ላይ «እኔ 1001 አልኩ፣ እሱ 1011 ሞልቷል» ብሎ ማየት ይችላል። ተቆጣጣሪው ራሱ የተሳሳተውን ቁጥር ከሰጠ ግን፣ እንደ ፓሪሱ፣ ኮምፒውተሩ ከኤርፖርቱ እውነተኛ ግፊት ጋር እንዲያነጻጽር ካልተደረገ በቀር ሁለቱ ተስማምተው ይታያሉ። ሌላው የመሬት ማስጠንቀቂያው ነው። ዘመናዊው ዓይነት በሆዱ ውስጥ የዓለም ተራሮችን ካርታ ይዟል፤ አቡነ ዮሴፍም፣ ዞብልም እዚያ ውስጥ አሉ። ከእነዚህ መካከል የቆዩት የአውሮፕላኑን ከፍታ ከዚያችው ከአልቲሜትሩ ስለሚወስዱ አብራሪው ሲሳሳት አብረውት ይሳሳታሉ። አዳዲሶቹ ከሳተላይት ስለሚወስዱ በመስኮቷ ውስጥ የገባው ቁጥር አያታልላቸውም።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ሳተላይቱ ራሱ ከፍታን እንዴት እንደሚያሰላ፣ ምልክቱ በጦርነት አካባቢ ሲታወክ ደግሞ አብራሪዎች ምን እንደሚያደርጉ እናያለን። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)